የመጋዝ ሜዳ በሮች

እምሩ በ1984 ዓ.ም. ከራቤል ከተማ በታች ወዳለው የፈረንጅ ጥድ ደን ሲመጣ ለሦስት ወር ብቻ ብሎ ነበር። ለትምህርት ቤት ጣሪያ ጣውላ ሊሰነጥቅ፣ ሚስቱን ማንጠግቦሽንና የመጋዝ ጓደኛውን ወዳጆን ይዞ መጣ። ትምህርት ቤቱ ሲያልቅ ጤና ጣቢያ አዘዘ፤ እሱ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያን። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ፤ አንዱ ጎጆ ስድስት ሆነና መጋዝ ሜዳ ተባለ። እምሩ ግን ክረምት በገባ ቁጥር «ዘንድሮስ መስከረም ሲጠባ አገራችን ቀየት እንገባለን» ማለቱን አልተወም።

በ1995 ደኑ ሊከለል ሆነ። ደመላሽ የሚባል ወጣት የደን ባለሙያ ከወረዳ መጣ።

«ካምፕ ከሆነ ይነሳል፤ መንደር ከሆነ ይመዘገባል» አላቸው።

«መንደር ነው እንጂ!» አለ እምሩ።

ደመላሽ ጎጆዎቹን ዞሮ አየ። የስድስቱም ደጃፍ የተሸፈነው በጆንያ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሊኖር ያሰበ ሰው በጆንያ ይዘጋል? የአገሩን በር የሰነጠቃችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

ወዳጆ ሳቁ አመለጠው።

«ሐሙስ እመለሳለሁ፤ ያየሁትን ነው የምጽፈው» ብሎ ደመላሽ ሄደ።

እምሩ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ቀየት ማን አለው? የአባቱን መሬት ወንድሞቹ ተከፋፍለውታል። እዚህ ግን ሁለት ልጆቹ ክርስትና ተነሥተዋል፤ እያንዳንዱ ጉቶ የየትኛው ቤት ጣሪያ እንደሆነ ያውቃል።

«አልሄድም!» አለ ጮክ ብሎ።

«ለማን ነው የምትነግረው?» አለች ማንጠግቦሽ። «ብትሄድም እኔ አልከተልህም ነበር።»

በማግስቱ ቀድሞ በፈቃድ ከተቆረጡት የቀሩትን ግንዶች መሰንጠቂያው ቆጥ ላይ አወጡ። ወዳጆ ከላይ፣ እምሩ ከሥር ሆነው መጋዙን ያዙ።

«ለራስ ሲሆን ሰጋቱራው ይጣፍጣል?» አለ ወዳጆ።

«አፍህን ዝጋና ሳብ!»

ሐሙስ እያካፋ ነበር። ስድስቱም ደጃፍ አዲስ የጣውላ በር ተገጥሞለት ተዘግቷል።

«ቤቶች!» አለ ደመላሽ ከውጭ።

እምሩ ሊነሳ ሲል ማንጠግቦሽ እጁን ያዘችው።

«ቆይ እስቲ። አሥራ አንድ ዓመት ያንኳኳብኝ ሰው የለም።»

ተንኳኳ።

«ማነው?» አለች ድምፅዋን አሳምራ።

«ደመላሽ ነኝ፣ እትዬ። የመንደሩን ነዋሪ ልመዝግብ።»

ብድግ አለች። እርጥቡ እንጨት አብጦ ኖሮ በሩ እምቢ አላት፤ በትከሻዋ ብድግ አድርጋ፣ እየሳቀች ከፈተችው።