የዘማርያም መንጠቆ

«ክቡራን ተገልጋዮቻችን፤ በዛሬው ዕለት ሲስተም ባለመኖሩ አገልግሎት መስጠት የማንችል መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናሳውቃለን።»

ዘማርያም ይህን በመስኮት አውጆ መስኮቱን ዘጋና ስልኩን ከመሳቢያው አወጣ። ሲስተም ባይኖርም ኢንተርኔት ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለባለጉዳይ ማስረዳት ግን ጊዜ ይወስዳል።

ደብረ ማርቆስ ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ከውጭ አግዳሚው ላይ ስድስት ሰው ተቀምጧል። ከፊት ያሉት ወይዘሮ ሥራነሽ ለአንድ የማስረጃ ቅጂ ከሮብ ገበያ ሲመጡ ይህ ሦስተኛቸው ነው። አዋጁን ሰምተው «ይሁን» አሉ እንጂ አልተነሡም። የቢሮው ኃላፊ አቶ ወልደ ሚካኤልም ከጠዋት ጀምሮ በራቸውን ዘግተው ከበላይ አካል ጋር የኢንተርኔት ስብሰባ ላይ ናቸው።

ጨዋታው አምስት ለአምስት ነው፤ የሌላውን ምሽግ ቀድሞ ያፈረሰ ያሸንፋል። የዘማርያም ተዋጊ ባለሰንሰለት መንጠቆ ይወረውራል። መንጠቆው ጠላት ከያዘ ጎትቶ ጓደኞቹ መሀል ይጥለዋል። ከሳተ ግን ለአሥራ ሁለት ሰከንድ ባዶ እጁን ይቆማል። ትናንት ሰባት ጊዜ ወርውሮ ሰባቱንም ስቷል፤ አንዱ ዛፍ ነው የመታው።

የቡድኑ አለቃ ሪያድ የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ በድምፅ እንጂ በመልክ አይተዋወቁም። ዛሬም ከተሸነፉ ለቅዳሜው ውድድር ሌላ ሰው እንደሚያስገባ፣ ቅር እንዳይለውም በትሕትና ነግሮታል። ዘማርያም በሠላሳ ዓመት ዕድሜው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተመረጠው፤ አንዱ ለቢሮው የሻይ ክበብ ኮሚቴ፣ ሁለተኛው ለዚህ ቡድን። ከሁለተኛው መባረር አልፈለገም።

ያስቸገረው ከተቃራኒው ቡድን «ጮቄ ነፋስ» የሚባል ተጫዋች ነበር። መንጠቆው ሲመጣ ዘልሎ ያመልጣል። በዛሬው ጨዋታም ሁለቴ አምልጧል።

ከፊት ለፊቱ ካለው ጠረጴዛ የሥራ ባልደረባው ቶይባ ቀና ብላ ታየው ነበር። ጨዋታውን ነክታው አታውቅም፤ ግን ለአራት ወር ሲስት አይታለች።

«ሰውየው ያለበት ላይ ነው የምትወረውረው» አለችው።

«ታዲያ የሌለበት ላይ ልወርውር?»

«አዎ።»

አባቷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሷም ያደገችው ባንኮኒው ሥር ነው። ዋጋ ሰምቶ የሄደን ገበያተኛ ወዲያው መጥራት ሞኝነት እንደሆነ ነገረችው። የመጀመሪያው አካሄድ ጉልበት አለው፤ ጎረቤት ሱቅ ጠይቆ ይመለሳል። ሁለተኛ ሲሄድ ግን እግሩ ይከብዳል፤ መሄጃም የለውም።

«መጀመሪያ ዝላዩን ይጨርስ። ከዚያ የሚቀረው መንገድ አንድ ነው። መንገዱ ላይ ጣልበት።»

ነፋስ ብቅ አለ። ሪያድ በጆሮ ማዳመጫው ለምን እንደማይወረውር እየጮኸ ጠየቀው። ዘማርያም አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ተዋጊውን ሊወረውር አስመስሎ አንድ እርምጃ ብቻ አራመደው፤ ነፋስ ደንግጦ ወደ ቁጥቋጦው ዘለለ። ዘማርያም ቁልፉን አልነካም። ነፋስ ከቁጥቋጦው ወጥቶ ወደ ምሽጉ መሮጥ ሲጀምር ያኔ ባዶ ሜዳ ላይ ወረወረ። ሰንሰለቱ ተዘረጋ፤ ነፋስ በራሱ እግር ሄዶ ገባበት።

ከኃላፊው በር ጀርባ ወንበር ተንቋቋ።

«ስብሰባው ጦፏል» አለች ቶይባ።

ዘማርያም መንጠቆውን ደጋግሞ ወረወረ። ሁለተኛውንም ያዘ፤ ሦስተኛውንም። ሪያድ ጩኸቱን ትቶ «ወንድሜ» ይለው ጀመር። ቶይባ ወንበሯን ትታ ከጀርባው ቆመች፤ «ይሂድ፣ ይሂድ፣ አትጥራው» እያለች ትከሻውን ትይዛለች። ወይዘሮ ሥራነሽ መስኮቱን አንኳኩተው ሲስተሙ መጥቶ እንደሆነ ጠየቁ። ዘማርያም ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ እየመጣ መሆኑን አስረዳ። እሳቸውም መስኮቱን በራሳቸው ከፍተው ሲመጣ ለማየት ተደገፉበት፤ የቀሩት አምስቱም ከኋላቸው ቆሙ።

የቀረው የጠላት ዋና ምሽግ ነበር። በሩ ላይ ነፋስ ብቻውን ቆሟል። ዘለለ። ዘማርያም ጠበቀ። ነፋስ ዞረ፤ ዘማርያም ወረወረና ከመቀመጫው ተነሣ፤ የማዳመጫው ገመድም ተነቀለ። ነፋስ ተጎትቶ ወደቀ፤ ምሽጉ ፈረሰ። ከስልኩ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ድሉን ለመላው ቢሮ አበሰረች።

በዚያው ቅጽበት ከኃላፊው በር ጀርባ ያችው ሴት፣ በዚያው ድምፅ፣ ሽንፈትን አወጀች።

ቶይባ ጣሪያውን መመልከት ጀመረች። ሪያድ ብቻ፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ እንዳይቀር፣ ያለ እሱ ቡድን እንደሌለ ከስልኩ ይናገር ነበር።

በሩ ተከፈተ። አቶ ወልደ ሚካኤል ወጡ፤ በእጃቸው ከያዙት ስልክ የቻርጀሩ ገመድ ተንጠልጥሏል። የተሰበሰበውን ሰው ሲያዩ ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ስብሰባው አለቀ?» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ በመስኮቱ።

«አለቀ፣ እናቴ።»

«ማን አሸነፈ?»

አቶ ወልደ ሚካኤል ቶይባን አዩ። ቶይባ ዘማርያምን አየች። ዘማርያም ስልኩን መሳቢያው ውስጥ ሊከት ጎንበስ ብሎ ነበር። ተወውና ቀና ብሎ እንደ ተማሪ እጁን ወደ ላይ አነሣ።