የወርቄን ቃል ማን አጋደመው?

ረውዳ ፊደል የሚያጋድመውን «ኢታሊክ» የሚለውን ስትጫን ከሙዚቃው ኖታ ሥር የመረጠቻቸው የዘፈኑ ቃላት በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆነው ቁጭ አሉ።

«ያ ረቢ! ምን አደረግኳችሁ?» አለች ኮምፒውተሩን።

የሰርግ ዘፈኖቹ መጽሐፍ ዛሬ ኮምቦልቻ፣ ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት። ባለዘፈኖቹ ሁለት ሴቶች ደግሞ ከሐርቡ መጥተው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለችው ጠባብ የጽሕፈት ሱቋ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ለካ የኖታ መጻፊያው ፎንት አማርኛ አያውቅም! በአማርኛ ፎንት ስትቀይረው ፊደሎቹ ተመለሱ፤ የዘፈን አውጪዋ የእትዬ ጣይባ ቃል ቀጥ ብሎ፣ የተቀባይዋ የእትዬ ወርቄ ዘመም ብሎ። ማን የቱን እንደሚል በዓይን ይለያል። ረውዳ በሥራዋ ኮራች፤ ኩራቷ ግን ብዙም አልቆየም።

እትዬ ወርቄ ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። «የሷ ቆሞ የኔ ለምን ተጋደመ?»

«ለመለያ ነው እትዬ።»

«በየሰርጉ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የተቀበልኩት ለዚህ ነው? ስሜን ከመጽሐፉ አውጪልኝ፤ ዘፈኑንም አልሰጥም!»

ያለ እሳቸው ፈቃድ መጽሐፉ አይታተምም። ረውዳ ቶሎ ብላ ሁሉንም ቀጥ አደረገችው። «ይኸው፣ እኩል!»

«እስቲ እንሞክረው» አሉ እትዬ ጣይባ።

እያነበቡ ጀመሩ። ተራውን የሚለይ ነገር ስለጠፋ አብረው አወጡ፣ አብረው ተቀበሉ፣ አብረው ዝም አሉ። በር ላይ የቆመው የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር ሳቀ።

«የአንዳችሁን ላድምቀው?» አለች ረውዳ።

«የማንን?» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ረውዳ ተስፋ ቆርጣ እጇን ከማውሱ አነሳች። እትዬ ጣይባ ያኮረፉትን ጓደኛቸውን ትንሽ አዩና፣ «የኔን አዘንብዪው» አሉ።

«አውጪዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አሉ እትዬ ወርቄ።

«ነኝ። የልጄ ሰርግ ላይ ድምፄ ሲዘጋ ዘፈኑን ማን አነሳልኝ? ወላሂ፣ አንቺ ባትቀበዪኝ እኔ ምን አወጣለሁ? አንቺ ቁሚ፤ እኔ እደገፍሻለሁ።»

እትዬ ወርቄ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ።

«በይ እንዳለችሽ አድርጊ» አሏት ረውዳን። «ግን ብዙ አታዘንብያት፤ ወገቧን ያማታል።»

ረውዳ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ዘመም ማለቱ እምብዛም የማይታወቅ ፎንት ፍለጋ ገባች።