ነጩ ገና በዳፍኒ ሳህን

ሙቀቱ የቆርቆሮ ጣሪያ በሚያስጮህበት በገና ሰሞን ምድጃ የሚለኩስ ሰው በዚያች የአውስትራሊያ ገጠር ከተማ ጤነኛ አይባልም። ስለዚህ ሴቶቹ «ነጭ ገና» የሚሉትን ጣፋጭ ይሠራሉ። የፈነዳ ሩዝ፣ የዱቄት ወተት፣ ኮኮናት፣ ስኳር፣ ዘቢብና ቀይ ቼሪ ይደባለቅና የቀለጠ የኮኮናት ቅባት ይፈስበታል፤ ፍሪጅ ገብቶ ሲጠጥር ይቆረጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

በከተማዋ አዳራሽ በየዓመቱ በሚደረገው የገና የሻይ ግብዣ ላይ ነጩን ገና የምታመጣው የክላይቭ ሚስት ዳፍኒ ነበረች። እዚያ እያንዳንዱ ጣፋጭ ባለቤት ስላለው ሌላ ሰው አይነካውም። ዳፍኒ ግን በሚያዝያ ሞተች። ታኅሣሥ ሲገባ የሻይ ግብዣውን የምታዘጋጀው ግሌኒስ ደወለች።

«ክላይቭ፣ ዘንድሮ አትቸገር። ነጩን ገና ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

«የዳፍኒ ነው። እኔ አመጣዋለሁ።»

«አንተ? እንቁላል መቀቀል የማትችለው ሰውዬ?»

«እንቁላል አምጣ አላልሽኝም።»

ስልኩን ዘጋ። ቦታው ለሌላ ከተሰጠ ዳፍኒ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ እስከ መጨረሻው ልትነሳ ነው፤ ይህን ደግሞ አልችልም አለ። ሳህኗ እንደ ድሮው ባዶውን ወደ ቤት መመለስ አለበት። ምግብ ተርፎበት የተመለሰ ሳህን በዚያ ከተማ ዓመቱን ሙሉ ያስወራል።

ዕድሜ ልኩን ላም ሲያልብ የኖረ ሰው ነው እንግዲህ። የኮኮናቱን ቅባት ከወረቀቱ ሲፈታው እንደ ሳሙና ነጭና ደረቅ ሆኖ አገኘው። አሸተተው፤ ምንም አይሸትም።

«እንዴ! ይሄንን ነው ስታበላኝ የኖረችው?»

ወረወረውና በምትኩ ምርጥ የላም ቅቤ አቀለጠ። ለሚስቱ ክብር የተሻለውን ያደረገ መስሎት፣ ምስኪን! ፍሪጅ ውስጥ ድንጋይ ሆኖለት ሲያገኘው ብቻውን ሳቀ፤ ቆራርጦም በሳህኗ ላይ ደረደረው። ሳህን ከሳህን እንዳይምታታ እንደ ሴቶቹ ሁሉ ዳፍኒም ከሥሩ የቁስል ፕላስተር ለጥፋ ስሟን በእስክሪብቶ ጽፋበታለች።

አዳራሹ ውስጥ ማራገቢያው ትኩስ አየር ያማስላል። ቄሱ ጸሎቱን አስረዘሙት። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ክላይቭ ብቻ ሳህኑን ያያል። መጀመሪያ ጠርዙ አላበው፤ ቀጥሎ ቁራጮቹ እርስ በርስ ተደጋገፉ። «አሜን» ሲባል ሳህኑ ላይ የነበረው ገንፎ ነው።

አንዷ ሴት እጇን ሰደደችና ሐሳቧን ቀይራ ከጎኑ ካለው ኬክ አነሳች። ክላይቭ ወጥቶ መኪናው ጥላ ሥር ቆመ። የዳፍኒን ሳህን በሰው ፊት ማዋረዱ አንገበገበው።

ሰዉ ሲበተን ሳህኑን ሊወስድ ወደ ማድ ቤቱ ገባ። ግሌኒስ ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ታጥባለች። ሳህኑ ባዶ ሆኖ፣ ታጥቦ፣ ከጎኗ ተቀምጧል።

«አለቀ» አለች ሳትዞር። «ፍርፋሪ እንኳ አልተረፈ።»

ክላይቭ እግሯ ሥር ያለውን የዶሮ መኖ ባልዲ አየ። ቼሪዎቹ ከላይ ጉብ ጉብ ብለዋል።

«ጥሩ» አለ።

«የላም ቅቤ ነው ያደረግህበት፣ አይደል?»

«አዎ።»

«አይ አንተ ጅል ሽማግሌ! ለከርሞ በኮኮናቱ ቅባት ሥራው። እስኪቀርብ ድረስ ደግሞ በረዶ ሣጥን ውስጥ ይቆይ፤ እሷ እንደዚያ ነበር የምታደርገው።»

«ለከርሞ?» አለ ክላይቭ።

«ታዲያ ለማን ልሰጠው ነው? ሳህንህን ያዝና ሂድልኝ፣ ሥራ አለብኝ።»

መኪናው ጋ ሲደርስ ሳህኑን ገለበጠው። ሥሩ ሁሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም፤ ፕላስተሩን ግን ውኃ አልነካውም። ግሌኒስ ዙሪያውን በጣቷ ጫፍ እየዞረች ነው ያጠበችው፤ ከዳፍኒ ስም አንዲት ፊደል አልረጠበችም።

ክላይቭ እዚያው ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ ሳህኑን ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ደፍቶ፣ ስሟን ወደ ላይ አድርጎ፣ መኪናውን አስነሳ።