አቡጀዲ የለበሰው አውሮፕላን

መካኒሳ ውስጥ አውሮፕላን አለ ሲባል የሚስቅ ሰው አይጠፋም ነበር። ይሳቅ! ከቀበሌው ሱቅ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚጭን፣ ክንፉ ድርብ የሆነ አሮጌ አውሮፕላን ቆሞ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች በሩ ላይ «የአውሮፕላን ሙዚየም» ብለው በቀለም ጽፈውበታል። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ እሑድ እሑድ ከስብሰባ የተረፈ ጊዜ ያለው ሁሉ እየመጣ ይወለውላል፣ ይቀባል፣ ይጨቃጨቃል።

ወይዘሮ አሰገደች ግን የምትመጣው ለመቀመጥ ነበር። ሟቹ ባሏ ዳባ የዚሁ አውሮፕላን መካኒክም አብራሪም ነበር። «አንድ ቀን ከኋላዬ አስቀምጬ ላፍቶን ከላይ አሳይሻለሁ» እንዳለ ሳያሳያት ሞተ። አሁን መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ ታስደግፍና የኋላው ወንበር ላይ ወጥታ ዓይኗን ትጨፍናለች። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ሞተሩ ይነሣል። የጎፋ ባሕር ዛፎች ከእግሯ ሥር ያልፋሉ፤ ወንዙ ሜዳ ላይ እንደተጣለ መቀነት ተጠማዞ ይታያል፤ ከፊቷ ደግሞ የዳባ ሰፊ ትከሻ። ፎቶግራፉ ቤቷ አለ፣ መቃብሩም ሩቅ አይደለም፤ እሱን ራሱን የምታገኘው ግን እዚህ ብቻ ነበር።

ነሐሴ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ቸኮል መጥቶ ጨርቃቸው አልቆ በአጥንታቸው የቀሩትን ክንፎች በከዘራው መታ መታ አደረገ።

«ለአብዮቱ በዓል ሙሉ ሆኖ ካልታየ አዳራሹ የስኳር መጋዘን ይሆናል። ይሄ ደግሞ ቀልጦ ድስት ይውጣው» አለ።

ዳባዋ ድስት ሊሆን? እሷ በሕይወት እያለች! ጨርቅ እንደሆነ በራሽን ነው፣ ያውም ከተገኘ። በማግሥቱ አንድ ጥቅል አቡጀዲ ይዛ መጣችና ለበጎ ፈቃደኞቹ አስተባባሪ ለሱልጣን ሰጠችው። ሱልጣን ገና ሲዳስሰው ገባው። የሰፈሩ አዛውንት ሁሉ ለክፉ ቀን ብለው ሣጥናቸው ውስጥ የሚያስቀምጡት ጨርቅ ነው።

«እትዬ አሰገደች፣ ይሄማ መግነዝዎ ነው! ኋላ በምን ሊቀበሩ ነው?»

«በነጠላዬ! ይልቅ መቀስ አምጣ።»

የእሷ ለአንድ ክንፍ እንኳ አልበቃም። ወሬው ሲዛመት ግን እማማ ሸጊቱ ከላፍቶ የራሳቸውን ላኩ፤ የሱልጣን እናት ከፈናቸውን አወጡ፤ ሌሎቹም ሣጥናቸውን ከፈቱ። ሰፍተው አለበሱት። የአውሮፕላን ጨርቅ የሚያጠነክረው ቀለም ከየት ይምጣ? ቡላ በጥብጠው ቀቡት፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ተወጠረ። በቁማቸው ያሉ ሰዎችን መግነዝ ለብሶ እንደዚያ የሚያምር ነገር በዚያ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም።

ችግሩም ማማሩ ነበር። የበዓሉ ዋዜማ ከበላይ አካል የመጡት ጓዶች ዞረው ዞረው አዩት።

«ይህ የሰፊው ሕዝብ ሥራ ነው! እዚህ ተደብቆ አይቀርም፤ አደባባይ ይወጣል!»

«ከበዓሉ በኋላስ ይመለሳል?» አለች አሰገደች።

«በየክፍለ ሀገሩ ይዞራል እንጂ እናት! ለምን ይመለሳል?»

ጓድ ቸኮል አጨበጨበ፤ ሁሉም አጨበጨበ። አሰገደችም ሳታስበው አጨበጨበች፤ ወዲያው ባጨበጨበው እጇ አፈረች። ክንፎቹን ባያለብሱት ድስት ይሆን ነበር፤ ስላለበሱት ደግሞ ተወሰደ።

ከካሚዮን ኋላ በገመድ አስረው በራሱ ጎማ ጎተቱት። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ነፋሱ ከክንፎቹ ሥር ገባ። ጎማዎቹ ከመሬት የተነሡ መሰላት፤ የፊተኛው ወንበር ላይም ያ ሰፊ ትከሻ ታያት። ያን ጊዜ ነጠላዋ ከላይዋ ወደቀ፣ አላነሣችውም። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከካሚዮኑ ኋላ እየሮጠች ጮኸች፦

«ዳባ! ቆየኝ እንጂ ዳባ! እኔ እኮ አልተሳፈርኩም!»