ለቁራ የተባለ ቃል

ቁራው ከኒሙ ዛፍ አልወርድ አለ።

ሰው በሞተ በአሥረኛው ቀን ወንዝ ዳር የተቀመጠለትን የሩዝ ድብልብል ካልነካ፣ የሟች ልብ ያልሞላበት ነገር አለ ማለት ነው። ኩንዳሊክ ለሐዘኑ ተላጭቶ፣ ፀሐይ ራሷ ዓይኗን እስክትጨፍን አናቱ እያብለጨለጨ፣ ለሟች አባቱ ለዳጋዱ ቃል ይገባ ጀመር። ቤተ መቅደስ አሠራለሁ አለ። ቁራው ክንፉን አከከ። ለሰባት መንደር እደግሳለሁ አለ። ቁራው ጀርባውን ሰጠው።

ታላቅ እህቱ ቫትሳላ ከሴቶቹ መሃል ጥርሷን ነክሳ ታያለች። ከሦስት ቀን በፊት፣ እሳት በማይነድበት ሐዘን ቤት የጎረቤት ቂጣ እየተበላ ሳለ፣ ኩንዳሊክ ከከተማ ያመጣውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ አኑሮላት ነበር። ከአባቷ እርሻ ያላትን ግማሽ ለወንድሟ በፍቅር ለቅቃለች ይላል። ሕጉ ለሴት ልጅም እኩል እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቃል። አክስታቸው አኑሱያ ግን ጠጋ ብላ፣ "ሕጉ ለበዓል ሳሪ ይዞልሽ ይመጣል? የሚመጣው ወንድም ነው" አለቻት።

የትኛው ወንድም? ለአሥራ አንድ በዓል ያልመጣው?

ቫትሳላ ባሏ ሞቶባት ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ዳጋዱ አላባበላትም፤ አካፋ ሰጣት። ሲቆጣ በሬዎች መንገድ የሚለቁለት ሰው ነበር። ሁለት በጋ ሙሉ አብረው ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ጠዋት የጣሉበት ድንጋይ መሬት ሲነካ የሚሰማው ለምሳ ሲቀመጡ ነው። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ዳጋዱ የማሽላ ቂጣውን ጠርዝ ቆርሶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ለቁራ ያስቀምጣል፤ መሃሉን እሷ ለሁለት ትገምሰዋለች። ውሃው የወጣ ቀን፣ ጭቃ በጭቃ እንደሆነ፣ "ግማሹ ያንቺ ነው" አላት። ሌላ ደግ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ወንዝ ዳር ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ካህኑ ከሣር ቁራ ሠርተው ሩዙን ሊያስነኩ ተነሡ፤ እንዲህ ያለ ውርደት ደግሞ አገር ያወራዋል። ኩንዳሊክ ላቡ በጆሮው ላይ እየወረደ ጮኸ።

"አባዬ፣ የእትዬ ግማሽ የእትዬ ነው። አልነካባትም።"

ቁራው ወረደ። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሦስቴ ጎረሰ።

ቤት ገብተው እግራቸው እንኳ ሳይደርቅ፣ ኩንዳሊክ ያንኑ ወረቀት ከነአሻራ ቀለሙ ይዞ መጣ።

"ወንዝ ዳር ምን አልክ?" አለች ቫትሳላ።

"እትዬ ደግሞ፣ እሱ እኮ ለቁራው ነው።"

አኑሱያ ጣሪያውን ታይ ጀመር። ቫትሳላ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ደፈቀችው። ኩንዳሊክ ደስ ብሎት ወረቀቱን ሊያስተካክልላት ጎንበስ ሲል፣ ጣቷን በዚያ በተላጨ አናቱ መሃል ተጭና አሳረፈችው።

"እዚህ ላይ ፈርሜያለሁ" አለችው። "ጠጉርህ እስኪያድግ ድረስ አባዬ ፊት ያልከውን መንደሩ ያንብበው። ከዚያ በኋላ ዳኛ ፊት እንገናኛለን። አንድ ስንዝር አልለቅም።"

ከለቀስተኛው መሃል አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

እሷ ቂጣዋን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ወጣች። ጠርዙን ቆርሳ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጠች። መሃሉን እንደ ልማዷ ለሁለት ገመሰችው።

የአባቷ ግማሽ እጇ ላይ ቀረ።