ስልክ ያየው ጥቅሻ

የሚኒባስ አሽከርካሪው ታጠቅ «መብራቱ ለሽፍታ ጠቅሷል» ተብሎ ከተራ ከታገደ ወዲህ፣ በሸሕዲ መናኸሪያ ቀና ብሎ ሰላም የሚለው ሰው አጥቷል። የሽቶ ነጋዴዋ ሙባረካ ከመተማ ስትመለስ መንገዱን በስልኳ ትቀርጽ ነበር። የታጠቅ ሚኒባስ ከፊት ለፊቷ መብራቱን አብርቶ፣ አቧራውን ሰንጥቆ አለፋት። ወዲያው ሽፍቶች ከቁጥቋጦው ወጥተው ዕቃዋን ዘረፏት፤ ስልኳን ብቻ በመቀነቷ ሸጉጣ አተረፈች። ኋላ ቪዲዮውን ስትከፍተው የታጠቅ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ወሬው ከገለጉ እስከ አብርሃ ጅራ ለመዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

ሽማግሌዎቹ በኒሙ ዛፍ ጥላ ተሰየሙ፤ የአሽከርካሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ አዛናው ከመሃል ተቀመጡ። ታጠቅ ከእነሱ የሚሻው «አልጠቀስክም» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። የሰሊጥ አጨዳው ወቅት የዓመት እንጀራው ነው፤ ሆኖም ስሙ ካልጠራ ተራው ቢመለስለት ምን ይረባዋል? የሽፍታ ጠቋሚ ከተባለ ሰው ጋር ማን ይሳፈራል? ስለዚህ የፊዚክስ መምህርቷን እሌኒን ለምኖ አመጣት።

«አባቶቼ፣» አለች እሌኒ፣ «ይህ አዲሱ ነጭ አምፖል እንደ ድሮው ክሩ ግሎ አይደለም የሚበራው። በአንዲት ሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ይጠፋል፣ ይበራል። ዓይናችን ስለማይደርስበት አንድ ወጥ ብርሃን ይመስለናል። የስልክ ካሜራ ግን እየቆራረጠ ነው የሚያነሣው፤ አንዱን ሥዕል ሲበራ፣ ሌላውን ሲጠፋ ይይዘዋል። ድርግም የሚል የሚመስለው በዚህ ነው።»

የሚኒባሱ መብራት በራ። በዓይን ሲያዩት አንዳች እንከን የለበትም፤ በሙባረካ ስልክ ሲያዩት ይርገበገባል።

አቶ አዛናው አገጫቸውን ዳሰሱ። «ዓይናችን ያላየውን ስልኩ አየ ማለት ነው፣ ልጄ?»

«አዎን፣ ግን...»

«ይኸው! እኛስ ምን አልን? ሽፍታውም በስልኩ አይቶታላ!»

ከዙሪያው የቆመው ሰው ሳቀ። ታጠቅ ደሙ ፈላ።

«ጋሼ አዛናው፣ ሽፍታ ጫካ ተጋድሞ፣ ስልኩን ደግኖ የእኔን መብራት ሲጠብቅ ይውላል?»

«አንተ፣ ሽማግሌ ሲናገር አትዝለል!»

እሌኒ በሰነፍ ተማሪዎች ክፍል እንደቆመች ሁሉ ትዕግሥቷ ሲሟጠጥ ተሰማት። «እንግዲያው የእርስዎም ፒካፕ ይብራና እንየው፤ አምፖሉ ያው ነጩ ነው፣» አለች። ፒካፑ በራ። ሙባረካ ስልኳን ደቀነች፤ ከታጠቅ መብራት ይልቅ ይብስ ተርገበገበ።

«ዋ! ጋሼ አዛናው፣ እርስዎም ይጠቅሳሉ እንዴ?» አለ ከቆሙት አንዱ።

ሳቁ በረታ። ሽማግሌዎቹ ግንባር ለግንባር ገጥመው ተንሾካሾኩ። በመጨረሻም አቶ አዛናው ነጠላቸውን አስተካክለው ፍርዱን ተናገሩ።

«ነገር ሲቆይ ይሸታል። ታጠቅ ልጃችን ነው፤ ይቅር ብለነዋል። የሙባረካን ጉልበት ስሞ ከነገ ጀምሮ ተራው ይመለስለት።»

«ምን አጥፍቼ ነው ይቅር የምትሉኝ?»

«ይቅርታ አይጠላም፣ ልጄ።»

«እርስዎስ የማንን ጉልበት ሊስሙ ነው?»

«እኔን ማን ከሰሰኝ?»

ታጠቅ ወደ ሙባረካ ዞረ። ሙባረካ በቅንነት «እኔስ ለአላህ ብዬ ትቼልሃለሁ» ስትለው፣ ከስድብ ይብስ ቆጠቆጠው። እሌኒ በጆሮው «ተቀበላቸው፤ እንጀራህን አትግፋ» አለችው። እርሱ ግን አንድ ጊዜ ጎንበስ ካለ ያላደረገው ነገር እንደ ተደረገ ሆኖ እንደሚቀር ታየው። ጉልበት ስሞ የተነሣ ሰው «አላጠፋሁም» ቢል ማን ይሰማዋል?

«አልስምም፣» አለ።

«እንደ ወደድክ!» ሽማግሌዎቹ አቧራቸውን እያራገፉ ተነሡ። ተራ አስከባሪው ሌላ መኪና ጠራ፤ ለአጨዳ ከደጋ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎቹ፣ ማጭዳቸውንና ጓዛቸውን እንዳንጠለጠሉ ወደዚያው ተንጋጉ።

እሌኒ ከባዶው ሚኒባስ አጠገብ ቆማ ቀረች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በደንብ ባስረዳቸው ኖሮ...»

«አንቺማ አስረድተሻል፣» አለ ታጠቅ። «ገብቷቸዋል እኮ! የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።»