ልጄ ሊያገባ ነው

«ቀስ በይ! ደፉን እዪ!»

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር የስፌት መኪናውን በአንድ በኩል ይዞ ወደ ኋላው እየሄደ ነው። በሌላው በኩል የያዘችው ተከራዩ ናት፤ ልብስ ሰፊ። «ተሸካሚ ልጥራ» ብትለው እምቢ ያለው እሱ ነው። ወገቡ እያቃሰተ መኪናውን በሩ ላይ እስከቆመው ፒካፕ አደረሱት። እንዲህ የሚደክምላት ደግ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ያስወጣት ራሱ ነው።

ከወር በፊት ነው፤ «ልጄ ሊያገባ ነው፤ ቤቱን ፈልጎታል» ያላት። ልጁ ሌላ ከተማ መካኒክ ነው። እንኳን ሚስት ሊያገባ ካልሲውን የሚያጥብበት ጊዜ የለውም።

ሠላሳ ዓመት መሪ ይዞ ሲወጣ በሰጡት ገንዘብ ግቢው ጥግ ላይ ሁለት ክፍል ሠራ። አከራይነት ቁጭ ብሎ መብላት መስሎት ነበር። ገና ዓመት ሳይሞላ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞላ፤ ቀጥሎ ጣሪያው አፈሰሰ፤ ከዚያ የውሃ ታንከሩ ተሰነጠቀ። ሁሉም ነገር ሲጨምር ኪራዩ ብቻ ሁለት ዓመት ባለበት ቆመ። «ትንሽ ጨምሪ» ማለት ነበረበት። ሦስት ጊዜ በሯ ድረስ ሄዶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንዴት አደርሽ» ብሎ ተመለሰ። ሚስቱ ወገቧን ታማ በተኛች ጊዜ ውሃ እያሞቀች ገላዋን ያጠበቻትን ሴት በምን አፉ ብር ይጠይቃት? ይሉኝታ ያዘው።

የሰፈሩ ደላላ ግን መላ አላጣም።

«ጨምሪ ካልካት ትቀየምሃለች» አለው። «ልጄ ሊያገባ ነው በላት፤ መርቃህ ትወጣለች። እኔ እጥፍ የሚከፍል ሰው አመጣልሃለሁ።»

እውነትም አልተቀየመችም፤ እልል ብላ አቀፈችው። ብር መጠየቅ ያፈረ ሰው ቤቷን ሲነጥቃት አላፈረም። ይኸው ነው የኛ ይሉኝታ።

አሁን ላቡን እየጠረገ፣ «አዲሱ ቤት እንዴት ነው?» አላት፤ ዝም ማለት ከብዶት።

«ጠባብ ነው፣ ጋሼ። ብርሃንም የለው። ከደንበኞቼም ራቅሁ፤ ግማሾቹ እዚያ ድረስ አይመጡልኝም።» ፈገግ አለች። «ምን ይደረግ፣ ሌላ ይተካል።»

«ኪራዩስ?»

«እሱማ ከዚህ ይበልጣል። እንዲያውም እርስዎ ለምን ዝም አሉኝ እያልኩ ስሳቀቅ ነው የከረምኩት። ጨምሪ ቢሉኝ ዓይኔን አላሽም ነበር። ለልጅ ሲሆን ግን ምን ይባላል? ልጅ ይቀድማል።»

አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው፤ አንዲት «ጨምሪ»! ያቺን ቃል ፈርቶ ይችን የመሰለች ሰው በገዛ እጁ ጋሪ ላይ እንደሚጫን አሮጌ ዕቃ ያወጣታል። ውሃ ልጠጣ ብሎ ወደ ቤት ገባ። ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አለችው።

«ባክሽ ተይኝ።»

«አልተውህም። ሂድና እውነቱን ንገራት።»

«አሁን? ዕቃው ከተጫነ በኋላ? አዲሱ ተከራይም ስምንት ሰዓት ላይ ቁልፍ ሊቀበል ይመጣል። ደግሞስ ምን ትለኛለች?»

«ውሸታም ትልሃለች። ታዲያ ነህ እኮ።»

ውሃውን ሳይጠጣ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ባዶውን ክፍል ጠርጋ፣ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጨርሳለች። ቁልፉን በግራ እጇ ሰጠችው፤ በቀኝዋ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«ይቺ ደግሞ ለሙሽሮቹ ናት» አለችው። «የአልጋ ልብስ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝልኝ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ሰፋሁላቸው።»

ተቀበላት። ጥቅሉ ከበደው። ወሩን ሙሉ እሱ ከደላላው ጋር ሲዶልት፣ እሷ ላልተወለደ ትዳር ስትሰፋ ከርማለች።

«ቀኑን ግን አልነገሩኝም እኮ። ሰርጉ መቼ ነው? ሥራ ዘግቼም ቢሆን አልቀርም።»

የፒካፑ ሾፌር ጥሩንባ ነፋ። የጡረተኛው ኪስ ውስጥ ስልክ ይጮሃል፤ ከደላላው ሌላ ማን ይሆናል። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ሰርግ የለም፣ ልጄ» አላት።

ፊቷ ተለወጠ። ክንዱን ያዝ አደረገችው። «ውይ! ፈረሰ እንዴ? እኔን! ምን ገጠማቸው?»

መውጫው ወለል ብሎ ተከፈተለት። «አዎ ፈረሰ» ቢላት ነገሩ ያልቃል። እንዲያውም ቁጭ ብላ ታጽናናዋለች፤ ምናልባትም ዕቃዋን አውርዳ ትመለሳለች።

«አልፈረሰም። ቀድሞም አልነበረም። ኪራይ ጨምሪ ማለት አፍሬ ነው፤ ዋሸሁሽ።»

እጇ ከክንዱ ላይ ወረደ። ቢያንስ ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ አልሰደበችውም። የአልጋ ልብሱን መልሶ በሁለት እጁ ዘረጋላት።

ተቀበለችው፤ ጋቢና ገብታ በሩን ዘጋች።